የቱ ኔትወርክ ይሻላል? ድሬዳዋ ላይ መልሱ እንደየሰፈሩ ነው

በ07 የሚጀምር የሞባይል ቁጥር መጀመሪያ ለሕዝብ የተሸጠው አዲስ አበባ ሳይሆን ድሬዳዋ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የሙከራ አገልግሎቱን በዚህች ከተማ ጀመረ፤ አዲስ አበባ ተራዋ የደረሳት ከወር በላይ ቆይቶ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። ሞባይል ኢትዮጵያ ከገባበት ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ ዛሬ ኢትዮ ቴሌኮም ከሚባለው ከአንድ መሥሪያ ቤት በቀር ሲም ካርድ የሚሸጥ ስላልነበረ፣ «የትኛውን ልውሰድ?» የሚለው ጥያቄ ትርጉም ያገኘው በዚያ ነሐሴ ነው።

ድሬ አዲስ ነገር ቀድሞ ሲገባባት ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። ከተማዋ ራሷ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሲደርስ ነው። የአገሪቱ የመጀመሪያ ነጻ የንግድ ቀጠናም የተመረቀው ሳፋሪኮም በመጣበት በዚያው በ2014 ነሐሴ እዚሁ ነው። የስልኩ ፉክክር ግን ከሐዲዱም ከቀጠናውም ይለያል። ሐዲዱን ሁሉም ሰው በአንድ ዓይን ያየዋል፤ ኔትወርክን ግን እያንዳንዱ የሚያየው ከቆመበት ቦታ ሆኖ ነው።

ለዚህም ይመስላል ክርክሩ መቋጫ ያጣው። ከዚራ ካፌ ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ጓደኛሞች ስለ ሁለቱ ድርጅቶች ሲነጋገሩ የሚያዳምጥ ሰው የቡናና የጊዮርጊስ ደጋፊዎች የተገናኙ ሊመስለው ይችላል። አንዱ «ቴሌ የትም ይሠራል» ይላል፤ ሌላው «ሳፋሪ ይፈጥናል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። ችግሩ አንደኛው ያየው ወደ ደንገጎ ሲወጣ፣ ሌላኛው ያየው ሳቢያን ቤቱ ተቀምጦ መሆኑ ነው። ስለ ሁለት ቦታ እያወሩ ስለ ሁለት ድርጅት የሚያወሩ ይመስላቸዋል።

የሞባይል ኔትወርክ ጥራት በአገር ወይም በከተማ ደረጃ የሚሰጥ ማዕረግ አይደለም። ቦታው፣ ሰዓቱና በእጅ ያለው ስልክ ሲለወጡ እሱም ይለወጣል። ይህን ለይቶ የሚያሳይ ልኬት ለሕዝብ እስካልቀረበ ድረስ ደግሞ ምርጫ አለ ማለት ይከብዳል። ያለው ሁለት ሲም የመግዛት ነጻነት ነው፤ ወጪውንም የሚሸከመው ተጠቃሚው ነው።

ከቦታው እንጀምር። አንድ ታወር የሚያሰራጨው ሞገድ እንደየድግግሞሹ ጠባዩ ይለያል። ዝቅተኛው፣ ለምሳሌ 900 ሜጋኸርዝ፣ ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም ያልፋል፤ የሚሸከመው ዳታ ግን ውስን ነው። ከ1800 ሜጋኸርዝ ወደ ላይ ያለው ብዙ ዳታ ይሸከማል፤ ነገር ግን ቶሎ ይደክማል፣ ወፍራም ግንብም ያግደዋል። ከዚራ የሐዲድ ዘመን ቤቶች አሉ፤ ግድግዳቸው ወፍራም ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ በረንዳው ላይ አራት መስመር የሚያሳይ ስልክ መኝታ ቤት ሲገባ አንድ መስመር ቢቀረው ድርጅቱ አልከፋም፤ ግንቡ ነው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ ውስጥ ደግሞ ቤቱ የተጠጋጋ፣ ሰውም የበዛበት በመሆኑ ዋናው ጥያቄ ሞገዱ መድረሱ ሳይሆን አንዱን ታወር ስንት ሰው ይካፈለዋል የሚለው ነው። በስተደቡብ ያለው ተራራ ሌላ ጣጣ አለው፤ ወደ ደንገጎ በሚጠማዘዘው መንገድ ላይ መኪና አንድ ኩርባ በዞረ ቁጥር ስልኩ ከአንድ ታወር ጥላ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል። በስተሰሜን ወደ ሺኒሌ ያለው ሜዳ ገላጣ ስለሆነ እዚያ የሚወስነው የታወሮቹ ርቀት ነው።

ታወር አይቶ መፍረድም ያሳስታል። ሳፋሪኮም የራሱን ታወሮች ከመገንባቱ ሌላ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር መሠረተ ልማት ለመጋራት ተዋውሏል። በአንድ ብረት ላይ ሁለቱም ሊሰቅሉ ይችላሉ። አንቴናቸው፣ የሚጠቀሙበት የሞገድ ስፋትና ከታወሩ ወደ ኋላ ዳታውን የሚወስደው ፋይበር ወይም ማይክሮዌቭ ግን ይለያያል። ቤቱ ጎን ታወር የቆመለት ሰው ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍበት የሚገረመው ይህን ስለማያይ ነው።

ሰዓቱም ቀላል አይደለም። የድሬ ፀሐይ ከቀትር በኋላ ስትበረታ ገበያው ይቀዘቅዛል፣ ሰው ጥላ ይፈልጋል፤ ከበርጫው ጎን ስልኩም ይከፈታል። ማታ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ ቪዲዮ ላይ ነው። የአንድ ታወር አቅም በዚያ ሰዓት ለተገኘው ሁሉ ስለሚከፋፈል፣ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ የተለካ ፍጥነት ስለ ምሽቱ ሁለት ሰዓት የሚናገረው ነገር የለም። መብራት ሲጠፋ ታወሩ በባትሪና በጄኔሬተር ይቆያል፤ ባትሪው ሲያልቅና ነዳጅ ሲዘገይ ግን ማስታወቂያ ላይ የተጻፈው ፍጥነት አይረዳም።

ሦስተኛው ነገር ስልኩ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳያውቀው ፍርድ ያዛባል። ታይዋን ገበያ ገብቶ ባለ ሁለት ሲም ስልክ የገዛ ሰው የድሮውን የቴሌ 09 ሲም አንደኛው ቦታ ላይ፣ አዲሱን 07 ሁለተኛው ላይ ያደርጋል። ርካሽ በሆኑና በቆዩ ስልኮች ላይ ግን ሁለተኛው ቦታ ብዙ ጊዜ ከ2ጂ ወይም ከ3ጂ አያልፍም። ገዢው «አዲሱ ኔትወርክ ቀርፋፋ ነው» ብሎ ይደመድማል፤ ሲሞቹን ቢያቀያይር የተገላቢጦሹን ይደመድም ነበር። «4ጂ ነው» ተብሎ የተሸጠ ስልክም ለሌላ አገር ገበያ ተሠርቶ እዚህ ከሚሠራባቸው ባንዶች አንዱን ላይቀበል ይችላል። ማወዳደር የፈለገ ሰው ሁለቱንም ሲሞች በተራ በአንዱ ስልክ አንደኛ ቦታ ላይ አድርጎ መሞከር አለበት። ይህ ካልተደረገ የተለካው ስልኩ እንጂ ድርጅቱ አይደለም።

ልኬቱ ራሱ ከባድ አይደለም። እንደ ስፒድቴስት ያሉ በነጻ የሚጫኑ መተግበሪያዎች ሦስት ነገር ያሳያሉ፦ የሚወርደውን ዳታ ፍጥነት፣ የሚላከውን ፍጥነትና መልስ ለማግኘት የሚፈጀውን ጊዜ። ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው የመጀመሪያው ላይ ነው፤ የሚያስፈልገው ግን እንደየሥራው ይለያያል። ቀፊራ ገበያ ሆኖ የዕቃ ፎቶና ቪዲዮ በቴሌግራም ለደንበኛ የሚልክ ነጋዴ ማየት ያለበት ሁለተኛውን ነው። ዱባይ ካለች እህቱ ጋር በቪዲዮ የሚነጋገር ሰው ድምፁ የሚቆራረጥበት በሦስተኛው ምክንያት ሊሆን ይችላል። ደረቅ ወደብ የሚመላለስ ትራንዚተር ፍጥነት ቢቀንስበትም መስመሩ ካልተቋረጠ ይበቃዋል። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ ከሁሉም በፊት የሚመጣው የአንድ ጊጋ ዋጋና ፓኬጁ የሚቆይበት ቀን ነው። መጠንቀቅ ግን ያስፈልጋል፤ በፈጣን 4ጂ ላይ አንድ ልኬት ብቻ ከመቶ ሜጋባይት በላይ ሊበላ ስለሚችል የቀን ፓኬጅ የገዛ ሰው ሲለካ ውሎ ሲጠቀም ሊያልቅበት ይችላል።

ጥያቄው የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ማድረግ ያለበት የባጃጅ ሹፌሩ ነው?

ፉክክሩ ጥቅም አላመጣም ለማለት አይቻልም። ኢትዮ ቴሌኮም አዲስ አበባን በ4ጂ ያገናኘው በ2007 ዓ.ም. ሲሆን፣ የተሻሻለውን 4ጂ ከዋና ከተማዋ ውጭ በስፋት ማዳረስ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው። ሳፋሪኮም የመራው ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ያገኘው በዚያው ዓመት ግንቦት ነው። የኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት የሆነው ቴሌብርም ሥራ የጀመረው በዚሁ ግንቦት ነው። ተፎካካሪው አንድ ሲም ከመሸጡ በፊት ነባሩ ድርጅት መሮጥ ጀምሮ ነበር፤ ያተረፈውም 09 ይዞ የቀረው ጭምር ነው።

ሆኖም ሩጫው እንዲቀጥል ደንበኛ መሄድ መቻል አለበት፤ መሄድ ደግሞ ሲም ከመግዛት የከበደ ሆኗል። አንድ የድሬ ባጃጅ ሹፌር 09 ቁጥሩን መተው ቢፈልግ ምን እንደሚገጥመው ማየት ይበቃል። ደንበኞቹ የሚያውቁት በዚያ ቁጥር ነው። የባንክ መልእክቱ የሚመጣው በዚያ ቁጥር ነው። በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል ብቻ እንዲሆን ሲደረግ ማደያ ላይ ተሰልፎ የከፈለው በቴሌብር ነው፤ ቴሌብሩም ከቁጥሩ ጋር ነው። ስለዚህ አይተወውም። 07 ይጨምርና ለዳታ ይጠቀምበታል፤ በአንዱ ፓኬጅ ለመደወል፣ በሌላው ለቲክቶክ ይገዛል፤ አንዱ ሳያልቅ ቀኑ ያልፍበታል። ሁለቱም ድርጅቶች እሱን ደንበኛችን ብለው ይቆጥሩታል። የማንኛቸውም ጥራት ቢወርድ ግን የሚቀጣበት መንገድ የለውም።

ሰው ቁጥሩን ሳይለቅ ድርጅት የሚቀይርበት አሠራር በሌላው ዓለም አዲስ አይደለም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2011 ጀምራዋለች፤ ሕንድም በዚያው ዓመት በመላ አገሪቱ አዳርሳዋለች። በርግጥ ኬንያ ውስጥ የተጠቀሙበት ጥቂቶች ናቸው፤ ይህን ጠቅሰው «ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። መከራከሪያው መልስ ይገባዋል። ኬንያውያኑን ካሰሯቸው ነገሮች ዋነኛው የሳፋሪኮም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ኤምፔሳ ነበር፤ ገንዘባቸው፣ የሚልኩላቸውና የሚላክላቸው ሁሉ እዚያ ስለነበር ቁጥሩን ይዞ መውጣት ብቻውን አላወጣቸውም። ለእኛ የሚሆነው ትምህርት ነገሩን መተው ሳይሆን ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ነው። ቁጥር ብቻ ሳይሆን የቴሌብርና የኤምፔሳ ሒሳብም ሰው የስልክ ድርጅት ሲቀይር እንቅፋት እንዳይሆን ተደርጎ መሠራት አለበት። ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ ሲጀምር ይህ ጉዳይ የድሬ ነጋዴም ጉዳይ ሆኗል።

ከቁጥሩ በፊት ግን መረጃው ይቀድማል። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ያቋቋመው ፈቃድ እየሰጠ እንዲቀመጥ ብቻ ሳይሆን የተጠቃሚውን ጥቅም እንዲጠብቅም ነው። የሕንዱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መኪና ላይ ስልኮች ጭኖ በከተሞች ውስጥ እያዞረ ይለካል፤ የየድርጅቱን የጥሪ መቆራረጥና የዳታ ፍጥነት በስም ለይቶ ያወጣል። ዜጎች በስልካቸው ለክተው የሚልኩበት መተግበሪያም አለው። የኬንያው አቻም የጥራት ሪፖርት ያሳትማል። የእንግሊዙ አድራሻውን ያስገባ ሰው በሰፈሩ የትኛው ድርጅት እንደሚሠራ የሚያይበት ካርታ ከፍቷል።

ድርጅቶቹ ሊሉ የሚችሉትን መገመት አያስቸግርም። ልኬት እንደ ቀኑ ይለያያል፣ የኔትወርክ ዝርዝር የንግድ ምስጢር ነው፣ ገና በግንባታ ላይ ያለን ድርጅት ከመቶ ዓመት ዕድሜ ካለው ጋር ማወዳደር አግባብ አይደለም ይላሉ። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ደጋግሞ መለካት እንጂ አለመለካት አይደለም። ሁለተኛው አያስኬድም፤ ማንም ስልክ ይዞ መንገድ ላይ ቆሞ ሊለካው የሚችል ነገር ምስጢር ሊሆን አይችልም። ሦስተኛው የሚመለከተው ቅጣትን ነው። ባለሥልጣኑ ለአዲስ ገቢው ጊዜ ሊሰጠው ይችላል፤ ገዢው ግን ገንዘቡን የሚከፍለው ዛሬ ስለሆነ የዛሬውን የማወቅ መብት አለው።

የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። በየሦስት ወሩ፣ በድርጅት ስም፣ በሰፈር ተለይቶ የሚወጣ አንድ ሰንጠረዥ ይበቃል፤ ከዚራ፣ ሳቢያን፣ መጋላ፣ ገንደ ቆሬ፣ ለገሃሬ፣ መልካ ጀብዱ፣ የደንገጎ መንገድ እያለ። የምሽቱ ልኬት ከጠዋቱ ተለይቶ ይቀመጥ፤ የቤት ውስጡ ከደጁ ይለይ። የተቆራረጡ ጥሪዎች ከመቶ ስንት እንደሆኑ፣ መብራት በጠፋባቸው ቀናት ታወሮቹ ስንት ሰዓት እንደቆዩ ይጻፍ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ታትሞ ሲም በሚሸጥባቸው ሱቆች ይለጠፍ። ሥራው ሲጀመር አዲስ አበባ ብቻ ላይ እንዳይቀርም ባለሥልጣኑ ከወዲሁ ቃል ይግባ።