ደብተር ይዘው ለሚመጡ ልጆች በራችንን እንክፈት



በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ለወራት ስትናወጥ መክረሟን ሁላችንም ሰምተናል። የካቲት 7 ቀን የደረሰው በመለኪያው 6.0 ነበር፤ ንዝረቱም አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ቀያቸውን ጥለው ወጡ። በዚያ ሰሞን በየቡናው ላይ ሁለት ዓይነት ወሬ ነበር። ግማሹ «ዓለም ሊጠፋ ነው» ይላል፤ ግማሹ ደግሞ «እኛ ደገኞች ነን፣ ምን አገባን?» ይላል። ሁለቱም አያስኬዱም።

እርግጥ ነው፣ ዋናው ስንጥቅ ሸለቆ ከእኛ በስተምሥራቅ ነው። ምድር በዓመት በጥቂት ሚሊ ሜትር እየተላቀቀች የምትሄደው በዚያ በኩል ነው። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴ የፈረሰችው፣ የካራቆሬም ብዙ ቤት የወደቀው፣ በ1961 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር ሰርዶ የሰው ሕይወት ያለፈውና ከተማዋ የወደመችው ስንጥቁ ላይ ወይም አጠገቡ ስለሆኑ ነው። ነገር ግን ጎረቤታችን ጎንደር ሸለቆ ውስጥ አይደለችም፤ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1704 በመሬት መንቀጥቀጥ ተጎድቷል። ጉናችንም ቢሆን ዛሬ ብርድ ያዘለ ተራራ ሆነ እንጂ ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በፊት እሳተ ገሞራ ነበር። ስለዚህ ደጋ መሆን ሥጋትን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም።

እኛ የምንለው ይህንን ነው። የትምህርት ቤት ልጆች የመሬት መንቀጥቀጥን ጉዳይ በጋራ ያጥኑት፤ ከደብረ ታቦር አንድ፣ ከወረታ አንድ፣ ከነፋስ መውጫ አንድ ትምህርት ቤት ሆነው።

ለምን ሦስት? አንድ ጉልቻ ድስት አያስቀምጥም። እኛ ከአንደኛ ደረጃ ያላለፍን ሰዎች በሠፈራችን ያሉ መምህራንን ስንጠይቅ እንዲህ አስረዱን። መንቀጥቀጥ ሲነሣ መጀመሪያ ፈጣኑ ማዕበል፣ ቀጥሎ ዘገምተኛው ይደርሳል። መብረቁን አይተን ነጎድጓዱ እስኪሰማ እንደምንቆጥረው ሁሉ፣ በሁለቱ መካከል ካለው ሰኮንድ ርቀቱ ይሰላል። ከአንድ ጣቢያ ርቀቱ ቢገኝም ቦታው ግን በደንብ አይለይም፤ በሦስት ጣቢያ ሲሆን ክቦቹ አንድ ላይ ይገናኛሉ። ልጆቹ መሣሪያ ባይኖራቸውም የሦስቱ ቦታ አፈር የተለያየ መሆኑ ይጠቅማቸዋል። የፎገራ ሜዳ ለስላሳ ደለል ነው፤ እንዲህ ያለ መሬት ንዝረቱን ያጎላዋል። እኛና ጋይንቶች ደግሞ ብዙው ቤታችን ከዓለት ብዙም ሳይርቅ ነው የቆመው። ያው አንዱ መንቀጥቀጥ ወረታ ላይ ብርጭቆ ቢያንኳኳ፣ እዚህ ላይሰማ ይችላል። ይህን ማወቅ የሚቻለው ሦስቱም በአንድ ዓይነት ቅጽ ሲጽፉ ነው። አንዱ በቁና፣ ሌላው በእንቅብ ቢሰፍር እህሉ አይደመርም።

ሥራውም ከባድ አይደለም። አንደኛ፣ ልጆቹ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ይጠይቁ። መሬት ስትንቀጠቀጥ አይታችኋል ወይ? መቼ? «በጣሊያን ጊዜ»፣ «በ77ቱ ድርቅ» የሚለውን መልስ ወደ ዓመተ ምሕረት ይመልሱት። አባ ፒየር ጉዋን የሚባሉት ምሁርም የአገራችንን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ከድሮ መዛግብት ለቃቅመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 በመጽሐፍ አሳትመዋል። የእኛ ሽማግሌዎች የሚያውቁት ግን ካልተጠየቁ አብሯቸው ይቀበራል። ሁለተኛ፣ ቤቶቻችንን ይመዝግቡ። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግንብ ቶሎ ይፈርሳል፤ ማገሩ የጠና የጭቃ ቤት ግን ይታገሣል። ሦስተኛ፣ ወደፊት ንዝረት ሲሰማ ሰዓቱን፣ የተንቀሳቀሰውን ዕቃ፣ የሰማውንና ያልሰማውን ሰው ይጻፉ። «አልሰማሁም» የሚለውም መልስ እኩል ዋጋ አለው።

በኔፓል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ወደ 9 ሺህ ሰው ያለቀበት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ቀኑ ትምህርት የሌለበት ቅዳሜ ባይሆን ኖሮ በትምህርት ቤት ስንት ልጅ ያልቅ ነበር! ከዚያ ወዲህ ከ20 በላይ ትምህርት ቤቶች ትናንሽ መለኪያ ተክለው፣ ተማሪው ራሱ እየተማረበት ለወላጁም ያስረዳል። እኛ ገና መለኪያ አንመኝም። በደብተርና በእርሳስ መጀመር ግን ይቻለናል።

አሁን ወደሚያስቸግረው እንምጣ። «ቤቴን ጽፈው ግብር ሊያስጨምሩብኝ ነው» የሚል አለ። ሰውዬው አይፈረድበትም፤ ከዚህ በፊት ቤት ለቤት ተዙሮ ተጽፎ፣ ለምን እንደዋለ ሳይነገረን የቀረ ነገር አለ። ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ቅጹ ላይ የባለቤት ስምና የቤት ቁጥር አይጻፍ። ወረቀቱ ከትምህርት ቤቱ አይውጣ። ውጤቱም ወደ ሌላ ከመሄዱ በፊት በማኅበራችን ስብሰባ ይነበብልን፣ በዚህ ሰሌዳም ይለጠፍ። ይህ ካልተፈጸመ እኛም አንተባበርም።

«የፈጣሪን ሥራ ልጅ አይመረምረውም» የሚሉም አሉ። የመጣውን ማስቀረት የፈጣሪ ነው፤ አልጋ ራስጌ ላይ የተሰቀለውን ከባድ ዕቃ ማውረድ ግን የእኛ ሥራ ነው።

ልጆቹ ከከተማ ከተማ እንዲመላለሱ አንጠይቅም፤ የመንገዱን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሦስቱ ትምህርት ቤቶች በስልክ ይጻጻፉ። የዕድሩም ገንዘብ አይነካ። የሚያስፈልገው ወረቀት ነው፤ እሱንም ከአባላት በፈቃድ ማዋጣት አያቅተንም። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ መምህራንም ቅጹን እንዲያዩልን ቢጠየቁ መልካም ነው።

እነዚህ ልጆች ትምህርታቸው ሲቆራረጥ ዓመታት አልፈዋል። ጠቃሚ ሥራ ሲሰጣቸው እናያቸው ዘንድ ይገባናል። እንግዲህ በሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ጉዳዩ ይቀርባል። የምትደግፉም የምትቃወሙም መጥታችሁ ተናገሩ። ቤት ተቀምጦ ማማት ለማንም አይበጅም።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ደብረ ታቦር