ጅግጅጋ ያር፦ ያረጀ ግድግዳ በሌለበት ሰፈር የቅንጦት ቤት ዋጋ

በአውሮጳና በአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ያረጁ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ታድሰው «ሎፍት» በሚል ስም ለባለጸጎች መኖሪያነት መሸጥ ከጀመሩ አሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል። ገዥው ከምቾቱ ባልተናነሰ የሚከፍለው ለጡቡ ዕድሜ ነው። በሶማሊላንድ ዋና ከተማ በሃርጌሳ ግን ይህ ስሌት አይሠራም። ጅግጅጋ ያር፣ በሶማሊኛ «ትንሿ ጅግጅጋ» ማለት ነው፣ ከከተማይቱ ውድ ሰፈሮች አንዱ ነው፤ ዕድሜ ጠገብ ግድግዳ ግን በሃርጌሳ እምብዛም አይገኝም።

ምክንያቱ ይታወቃል። እ.አ.አ. በግንቦት 1988 መጨረሻ የሶማሊ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ሃርጌሳ ሲገቡ የዚያድ ባሬ መንግሥት ከተማይቱን በመድፍና በአውሮፕላን ደበደበ። አውሮፕላኖቹ የሚነሱት ከዚያችው ከሃርጌሳ አየር ማረፊያ ነበር። ከ70 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ከተማ እንደፈረሰ ይገመታል። ከቦምብ የተረፈውን ዘራፊ ጨረሰው፤ የጣሪያ ቆርቆሮ፣ በርና መስኮት ሳይቀር እየተነቀለ ተሸጠ። በቤቶች ውስጥ ፈንጂ ተቀበረ። ነዋሪው በመቶ ሺህዎች እየሆነ ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ፤ በጅግጅጋ አካባቢ የነበረው የሐርትሼክ መጠለያም በዘመኑ ከዓለም ግዙፍ የስደተኛ መጠለያዎች አንዱ ሆነ። የተዘጋው በ2004 ነው።

ታዲያ ዛሬ በጅግጅጋ ያር የታደሰ ቤት ወይም ሰፊ አፓርታማ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው በምን ላይ ነው? በአመዛኙ በመሬቱና በሰላሙ ላይ ነው።

መሬቱ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ስደተኛው ከ1991 በኋላ ሲመለስ የከተማይቱ የመሬት መዛግብት ጠፍተው፣ በአንዳንዱ ይዞታ ላይም ሌላ ሰው ሰፍሮ ጠበቀው። ብዙውን ክርክር የዳኙት የአገር ሽማግሌዎች ናቸው። የከተማ መሬት ሕግ በ2001 ቢወጣም፣ ለአንድ ቦታ ከአንድ በላይ ወረቀት የሚቀርብበት ሙግት አልጠፋም። ሕገ መንግሥቱ መሬትን የሕዝብ የጋራ ሀብት ያደርገዋል፤ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ድንጋጌ አይሆንበትም። አስተዋይ ገዥ እዚያ ከእብነ በረዱ አስቀድሞ የሚመረምረው የጎረቤትን ምስክርነት ነው።

ሰላሙ ደግሞ ሶማሊላንድ ነጻነቷን ካወጀችበት ከግንቦት 18 ቀን 1991 ወዲህ በብዙ ድርድር የተገነባ ነው። በጥቅምት 2008 አጥፍቶ ጠፊዎች ቤተ መንግሥቱን፣ የኢትዮጵያን ቆንስላና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራምን ቢሮ በአንድ ቀን ሲያጠቁ ተናግቶ ነበር፤ ግን ጸና። የለንደን፣ የሚኒያፖሊስና የባሕረ ሰላጤው ዳያስፖራ ዶላሩን ወደ ሃርጌሳ የሚልከው በዚህ ተማምኖ ነው። ቤቱ በአብዛኛው የሚሠራው በረጅም ጊዜ የባንክ ብድር ሳይሆን በቤተሰብ ጥሪት ነው። የመድን ዋስትናም እጅግ ውስን ነው። በሚያዝያ 2022 የዋሄን ገበያ ሲቃጠል ባለሥልጣናት ኪሳራውን ከ1.5 እስከ 2 ቢሊዮን ዶላር ገምተውት ነበር፤ አብዛኛውን የተሸከመው ነጋዴው ራሱ ነው።

በዚህ ላይ የእውቅና ተስፋ ይታከላል። በጥር 2024 ከኢትዮጵያ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በአንካራው የአዲስ አበባና የሞቃዲሾ ስምምነት ጥላ ሥር ወደቀ። ከአንድ ዓመት በኋላ ደግሞ እስራኤል ለሶማሊላንድ እውቅና የሰጠች የመጀመሪያዋ የተመድ አባል አገር ሆነች። ኤምባሲና የውጭ ኩባንያ የሚፈልገው ቢሮና መኖሪያ እንደ ጅግጅጋ ያር ያለውን ሰፈር ነው። ስለዚህ እውቅና ቢሰፋ ትሩፋቱ መጀመሪያ የሚደርሰው ለባለ ርስቱ፣ ሸክሙ ደግሞ ለተከራዩ ይመስለኛል። ሲሚንቶ የሚያቦካው የቀን ሠራተኛ፣ ከእነዚህም ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም፣ የገነባውን ቤት በዶላር ሊከራየው አይችልም። ውኃውም ቢሆን አዲስ ፎቅ በተሠራ ቁጥር አይጨምርም፤ የከተማይቱ ዋና ምንጭ የሆነው ጌድ ዴብሌ በ1970ዎቹ በቻይና እርዳታ ሲዘረጋ የታሰበው እጅግ ለምታንስ ከተማ ነበር።

አዲስ አበባ በ2024 ፒያሳ ዙሪያ፣ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ፣ አሮጌ መንደሮቿን ያፈረሰችው በራሷ ውሳኔ ነው። ሃርጌሳ ይህ ምርጫ አልነበራትም። ከቅኝ ግዛት ዘመን የቀረላት አንዱ ሕንጻ የእንግሊዝ ገዥ መኖሪያ የነበረው «ስቴት ሃውስ» ነው፤ እሱም ፍርስራሽ ነው። በግቢው ከስደት የተመለሱና በኋላም የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በጨርቅና በቆርቆሮ ጎጆ ሰፍረዋል። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ በእጃቸውም የባለቤትነት ወረቀት የለም። የከተማይቱ የመሬት ዋጋ በናረ ቁጥር የዚህ ግቢ ነገር መነሳቱ አይቀርም፤ ነዋሪዎቹ ወዴት እንደሚሄዱ የሚወስነው ማዘጋጃ ቤት ደግሞ ለጅግጅጋ ያር የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ራሱ ነው።