ንግድ ፈቃድ ብቻውን ምልክትን አይጠብቅም





በቤቴል ሠፈር ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ከተሰናበቱ በኋላ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጁ በከረጢት አሽገው ይሸጣሉ። በከረጢቱ ላይ ራሳቸው የመረጡት ስምና የሙቀጫ ሥዕል አለበት። ሙያቸው የተመሰገነ ስለ ሆነ ከአየር ጤና ድረስ ደንበኛ ይመጣላቸው ነበር። ባለፈው ዓመት ግን አንድ ደንበኛ «እትዬ፣ እርስዎም እንደ ሌላው ሆኑ?» ብሎ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት በርበሬ መለሰላቸው። ስሙም ሥዕሉም ያው ነው፤ በርበሬው ግን የእርሳቸው አልነበረም።

«ፈቃድ አለኝ፤ ግብርም እከፍላለሁ፤ ማን ይነካኛል?» ብለው ነበር የኖሩት። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ፈቃድ የመነገድ መብት ይሰጣል፤ የንግድ ስም ነጋዴውን ከነጋዴ ይለያል። ዕቃውን ከሌላው ዕቃ የሚለየው ግን የንግድ ምልክት ነው፤ ይኸውም የሚመዘገበው በሌላ መሥሪያ ቤት፣ በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 501 እንደሚለው፣ የምልክት ባለቤትነት የሚገኘው የምዝገባ የምስክር ወረቀት ሲሰጥ ነው። ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፤ እየታደሰም ይቀጥላል። «ንጹሕ በርበሬ» እንደሚለው ያለ የዕቃውን ጠባይ ብቻ የሚናገር ቃል ግን የሁሉ ነውና ለአንድ ሰው አይመዘገብም።

ነገሩ የትንሽ ነጋዴ ብቻ አይደለም። መንግሥታችን ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የተባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ በ1997 ዓ.ም. ባመለከተ ጊዜ፣ ስታርባክስ የተባለው ታላቅ ኩባንያ ሲዳሞ የሚል ቃል ላለበት ምልክት ቀድሞ አመልክቶ ተገኘ። ስምምነት የተደረሰው ከብዙ ክርክር በኋላ በ1999 ዓ.ም. ነው። አገር እንኳ በገዛ ስሟ ይህን ያህል ከተከራከረች፣ የአንዲት ባልቴት ከረጢት ምን መከታ አለው?

እንግዲህ በየወረዳው ፈቃድ የምንሰጥ ሠራተኞች ማኅተም ከመምታታችን በፊት «ምልክትዎንስ አስመዝግበዋል?» ብለን ብንጠይቅ ምን ይጎድልብናል? ባለጉዳዩም ከረጢት ከማሳተሙ በፊት ምልክቱ በሌላ ሰው አለመያዙን ያስመርምር።

ጎረቤቴ አሁን ማመልከቻቸውን አስገብተዋል። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለውን ተረት ያስታወሱኝም እርሳቸው ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከቤቴል