ዝምታ ፈቃድ ነው እንዴ?



ከቦሌ ሚካኤል እስከ ሰሚትና አያት ኒካህ የምታስሩ፣ የወላጅ ቤት የምትካፈሉ ወንድምና እህቶቻችን፣ ይህ እናንተን ይመለከታል።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ ቢዳኝ አይከለክልም፤ ግን በተከራካሪዎች ፈቃድ። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ 188/1992 ደግሞ መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበን ሰው እንደፈቀደ ይቆጥረዋል።

በ1996 ዓ.ም የፌዴሬሽን ምክር ቤት አንድ የውርስ ጉዳይ መረመረ። አንዲት እህት «አልፈቀድኩም» እያለች የሸሪዓ ፍርድ ቤት አየው፤ ሰበርም አጸናው። ምክር ቤቱ ግን ሻረው።

ይህ ሸሪዓን ያዳክማል የሚሉ አሉ። እኛ አንስማማም። የነዚህ ፍርድ ቤቶች ክብር ሰው ወዶ መምጣቱ ነው። ዑለሞቻችንም ዝም ላለ ሰው ቃል አይለጠፍበትም ይላሉ። ስለዚህ ዳኞች የአዋጁን ድንጋጌ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አስማምተው፣ አጥብበው ሊያነቡት ይገባል።

እስከዚያው መጥሪያ ሲደርሳችሁ ዝም አትበሉ። ፈቀዳችሁም አልፈቀዳችሁም ቅጹ ላይ በግልጽ አስፍሩ፤ አንዴ ከፈቀዳችሁ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት አይዛወርም።