የቤት ኩባንያ የወቅት መጽሔት ገጾች እንዴት ይመደቡ?

ሸቀጥ የያዘ ነጋዴ ሁሉ ሸቀጡን ማስታወቅ እንደሚገባው የታወቀ ነው። ዳሩ ግን ሸቀጥ ሁሉ በአንድ ዓይነት ቃል አይታወቅም። ስኳር የሚሸጥ ባለሱቅ ዋጋውን በበሩ ላይ ቢጽፍ ይበቃዋል፤ ገዢውም የሚፈልገውን ኪሎ አስመዝኖ በዚያው ሰዓት ይሄዳል። ቤት ሠርቶ የሚሸጥ ኩባንያ ግን ከገዢው ጋር የሚቆየው ለብዙ ዓመታት ነው። ገዢው አስቀድሞ ይከፍላል፤ ቀጥሎም ይጠብቃል፤ ቁልፉን ከተረከበ በኋላ እንኳ ስለ ውኃው፣ ስለ አሳንሰሩ፣ ስለ ጥበቃውና ስለ ጽዳቱ ከኩባንያው ጋር መነጋገሩ አይቀርም። እንዲህ ያለው ረዥም ዝምድና በአንድ ቀን ማስታወቂያ ስለማይጠበቅ፣ በየወቅቱ እየተዘጋጀ በእጅ ስልክና በኮምፒዩተር የሚነበብ የኑሮ መጽሔት ማውጣት ለቤት ኩባንያዎች የተገባ ሐሳብ ነው።

መጽሔት ለማውጣት መወሰን ቀላል ነው። ጭንቁ ያለው ገጾቹ በምን ይሞሉ በሚለው ላይ ነው። በዚህ ዓይነት መጽሔቶች ውስጥ ዘወትር የሚታየው የሥራ አስኪያጁ ፎቶግራፍና ረዥም መልእክት፣ ገና ያልተሠራ ሕንፃ በኮምፒዩተር የተሣለ ሥዕል፣ የመዋኛ ገንዳ፣ ከውጭ አገር የዕቃ መዝገብ የተቀዳ ሶፋና መጋረጃ ነው። አንባቢው አንድ ጊዜ ገለጥ ገለጥ ያደርገውና ይዘጋዋል፤ ሁለተኛውን ዕትም ግን አይከፍተውም። ይህም የሚሆነው አዘጋጆቹ ገጹን ሲመድቡ «ምን እንሸጣለን?» ብለው ስለሚጀምሩ ነው። መጀመር የሚገባቸው «ቤቱን የገዛው ሰው በዚህ ወቅት ምን ያስፈልገዋል?» ከሚለው ጥያቄ ነበር።

የውጭ አገር የንግድ ታሪክ ለዚህ ሁለት ምስክር ያቀርባል። በአሜሪካ የእርሻ መሣሪያ የሚሠራው የጆን ዲር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1895 «ዘ ፈሮው» ማለትም «ትልም» የተባለ መጽሔት ጀመረ። መጽሔቱ የኩባንያውን መሣሪያ በማወደስ ሳይወሰን ለገበሬው ስለ ገዛ እርሻው ስለሚያወራው እስከ ዛሬ ድረስ ይነበባል። በፈረንሳይ አገርም ጎማ የሚሠሩት የሚሽሊን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1900 አንድ የመንገደኛ መምሪያ አሳትመው በነጻ አደሉ። በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ የነበሩት መኪናዎች 3,000 እንኳ የማይሞሉ ሲሆኑ የታተመው መምሪያ ግን 35,000 ነበር። በውስጡ የተጻፈው ጎማ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ነዳጅ ከወዴት እንደሚገኝ፣ መንገደኛው የት በልቶ የት እንደሚያድር ነው። መንገድ ያወቀ ሰው ይጓዛል፤ የተጓዘም ጎማ ይገዛል። የኩባንያው ብልሃት ይህ ነበር።

እንግዲህ የኢትዮጵያ የቤት ኩባንያ ከዚህ ሊማር የሚገባው የመጀመሪያ ነገር ወቅትን ማወቅ ነው። ከውጭ አገር መጽሔት መልኩን ብቻ የሚቀዳ አዘጋጅ በሐምሌ ወር የባሕር ዳርቻና የፀሐይ መነጽር ሥዕል የሞላበት «የበጋ ዕትም» ሊያወጣ ይችላል፤ የአዲስ አበባ ቤተ ሰብ ግን በዚያ ወር ጣራው እንዳያፈስ ይጨነቃል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፣ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ድረስ ነው። አራት ዕትም ለሚያወጣ መጽሔት ከዚህ የተሻለ ሰሌዳ አይገኝም።

የጸደይ ዕትም ከፋሲካ በዓል ጋር ስለሚገናኝ ስለ በዓሉ ድግስ ይናገራል፤ ይልቁንም ዝናቡ ሳይገባ አሸንዳ ስለ መጥረግ፣ የሰገነት ወለል ስለ መመርመርና የመስኮት ጠርዝ ስለ መድፈን ይመክራል። የክረምቱ ዕትም ስለ እርጥበትና ስለ ሻጋታ፣ ትምህርት ተዘግቶ ቤት ስለሚውሉ ልጆች፣ ስለ እንቁጣጣሽም ዝግጅት ይጽፋል። የመፀው ዕትም ዝናቡ ካቆመ በኋላ ግድግዳ ስለ መቀባትና በርበሬ ስለ ማሰናዳት ያወሳል። የበጋው ዕትም ገናን፣ ጥምቀትንና የጥርን ሠርግ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጡትን እንግዶች፣ በደረቁ ወራት ውኃ ቆጥቦ መጠቀምንም ይመለከታል። የረመዳን ጾም፣ ዒድ አልፈጥርና ዒድ አል አድሐ በጨረቃ ስለሚቆጠሩ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣሉ፤ ስለዚህ አዘጋጁ በየትኛው ዕትም እንደሚውሉ በየዓመቱ አስቀድሞ ማስላት አለበት።

ለምሳሌ ያህል መጽሔቱ 24 ገጽ ነው እንበል። አንዱ ገጽ ለማውጫና ለወቅቱ ቀኖች ይሁን፤ የሥራ አስኪያጁ መልእክት ካስፈለገም በዚሁ ገጽ ላይ ከአሥር መስመር አይብለጥ። 4 ገጽ ለግንባታው ሥራ ሂደት፣ 6 ገጽ ለቤት አያያዝ፣ 4 ገጽ ለሰፈሩ፣ 3 ገጽ ለምግብና ለበዓል፣ 2 ገጽ ለነዋሪዎች ደብዳቤና ለኩባንያው መልስ፣ የቀሩት 4 ገጾች ለማስታወቂያ ይመደቡ። በቤት አያያዝ ገጾች ላይ የሚጻፈው ነዋሪው በእውነት የሚኖረው ኑሮ መሆን ይገባዋል። በፎቅ ቤት የሚኖር ቤተ ሰብ ለበዓል በጉን የት ያርዳል? በርበሬውን የት ያሰጣል? የጋራው ውኃ ማጠራቀሚያ በማን ይታጠባል? ጀኔሬተሩ ሲነሣ የነዳጁ ሒሳብ እንዴት ይከፈላል? ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያጣላው ይህ ሆኖ ሳለ፣ መጽሔቱ ስለ ሻማና ስለ አበባ ማስቀመጫ ብቻ ቢጽፍ ለማን እንደ ተጻፈ አይታወቅም።

ከገጾቹ ሁሉ የከበዱት ግን አራቱ የግንባታ ሂደት ገጾች ናቸው። ያልተጠናቀቀ ቤት የገዛ ሰው፣ ይልቁንም በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ሠርቶ ከደመወዙ እየቀነሰ የሚከፍል ሰው፣ ገንዘቡ ጡብ መሆኑን የሚያውቀው ዘመድ ልኮ በማስጠየቅ ነው። ወሬ ካልደረሰው ሐሳቡ «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ይሆንበታል። ስለዚህ በእነዚህ ገጾች ላይ እያንዳንዱ ሕንፃ በየትኛው ፎቅ ላይ እንደ ደረሰ፣ በዚያው ወር የተነሣ ፎቶግራፍ ከነቀኑ፣ በውሉ የተነገረው የማስረከቢያ ጊዜም ይውጣ። ሥራው ዘግይቶ እንደ ሆነ ምክንያቱና አዲሱ ቀን ይገለጽ። በኮምፒዩተር ከተሣለው ሕንፃ ግርጌም «ይህ ሥዕል ነው» የሚል ቃል ይጻፍ።

አንዳንድ የሽያጭ ኀላፊዎች ይህን ሲሰሙ «መጽሔት ለመሸጫ እንጂ ጉድለትን ለማውጣት አይደለም» ይሉ ይሆናል። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ ትክክል ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ውሎ አያድርም። የዘገየውን ሥራ ኩባንያው ባይናገረው ገዢው ከዘመዱ ይሰማዋል፤ ከዘመዱ ሲሰማም መዘግየቱን ብቻ ሳይሆን መደበቁንም አብሮ ይሰማል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ከዚህም በላይ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል፤ በስልክ የተላከ ገጽ ደግሞ በገዢው እጅ ስለሚቀር በጠብ ጊዜ እንደ ሰነድ ሊቀርብ ይችላል። አንድ ኩባንያ ቀጠሮውን ቢያፈርስ ሐሜቱ ለሌሎቹም ይተርፋል፤ የቤት ገበያው በተጠራጠረ ጊዜ ሰድር፣ ቧንቧ፣ ቀለምና የመብራት ዕቃ የሚያስመጣው ነጋዴ ሁሉ መጋዘኑን ይዞ ይቀመጣል። የመጽሔቱ እውነተኛነት የንግዱ ማኅበር ሁሉ ጉዳይ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

የዚህ ጋዜጣ አንባቢዎችም በመጽሔቱ ውስጥ ድርሻ አላቸው። አስመጪው የማስታወቂያ ገጽ ሲገዛ ወቅቱን ይምረጥ፤ የውጭ ግድግዳ ቀለም በዝናብ ስለማይቀባ ቦታው የመፀው ዕትም ነው፤ ለጣራና ለሰገነት ውኃ መከላከያ የሚሸጥም በጸደዩ ዕትም ይውጣ። ዕቃው በጅቡቲ በኩል ተጓጉዞ መጋዘን ሳይገባ ማስታወቂያው ቢቀድም ገዢውን አስቆጥቶ መመለስ ይሆናል። በሕንፃው ምድር ቤት ሱቅ የከፈተው ነጋዴ በሰፈሩ ገጾች ላይ ስሙ፣ የሚሸጠው ዕቃና የሚከፍትበት ሰዓት እንዲጻፍለት ኩባንያውን ይጠይቅ፤ ነዋሪው እታች ያለውን ሱቅ ሳያውቅ መርካቶ ድረስ ቢሄድ ሁለቱም ይጎዳሉ። ቡና ላኪውም ስለ ይርጋ ጨፌና ስለ ሐረር ቡና ልዩነት፣ ስለ አቆላሉም አንድ ገጽ ቢጽፍ፣ በባሕር ማዶ የሚኖረው አንባቢ ለባዕድ ጎረቤቱ ያሳየዋል። ገንዘብ የተከፈለበት ገጽ ሁሉ ግን በራሱ ላይ «ማስታወቂያ» የሚል ምልክት ይኑረው፤ ምክርና ማስታወቂያ ከተደባለቁ አንባቢው ሁለቱንም አያምንም።

የዝግጅቱም ጊዜ ሊታሰብበት ይገባል። ዕትሙ ወቅቱ ከመግባቱ አንድ ወር ቀድሞ ካልወጣ ምክሩ አይጠቅምም፤ ጣራው ካፈሰሰ በኋላ ስለ አሸንዳ ማንበብ ቁጭት ብቻ ነው። ስለዚህ የገጹ ምደባ ዕትሙ ከሚወጣበት ቀን ሁለት ወር ቀድሞ ይወሰን። የወቅት ፎቶግራፍም ከዓመት በፊት መነሣት አለበት፤ ከነሐሴ ወር በፊት ለሚወጣ የእንቁጣጣሽ ገጽ አደይ አበባ የሚገኘው ካለፈው መስከረም ብቻ ነው። መጽሔቱ በስልክ ስለሚነበብ ፊደሉ ጎላ ያለ፣ ሥዕሉም በቀላሉ የሚከፈት ይሁን፤ ለኢንተርኔት ካርድ የሚከፍለው አንባቢው ነውና ከባድ ገጽ ዕዳው በእርሱ ላይ ነው። ባሕር ማዶ ላሉት ሲባል ቀኖቹ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ።

እንዲህ ያለ መጽሔት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንድ ትጉህ አዘጋጅ፣ በየወሩ ወደ ግንባታው ቦታ የሚሄድ አንድ ፎቶግራፍ አንሺ፣ እውነቱ እንዲጻፍ የሚፈቅድ አንድ ሥራ አስኪያጅ ነው። ከሦስቱም በቀላሉ የማይገኘው ሦስተኛው ሳይሆን አይቀርም። የቤት ኩባንያዎች የሚቀጥለውን ዕትም ሲያቅዱ ከሁሉ አስቀድመው የግንባታውን አራት ገጾች ይሙሉ፤ እነዚህን ለመሙላት የሚያፍር ኩባንያ የቀሩትን ሃያ ገጾች ከማስዋብ ይልቅ ሲሚንቶውን ቢያስቦካ ይሻለዋል።