ዲዛይነሩና ኮዱ፦ የአማርኛ ድረ ገጽን በቴምፕሌት ስለ መሥራት

የድረ ገጽ ዲዛይነሮች ኮድ መጻፍ ይማሩ ወይስ አይማሩ የሚለው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው በጊዜና በገንዘብ ስሌት ነው። ዝግጁ ቴምፕሌት በጥቂት ሰዓታት ገጽ ያቆማል፤ በእጅ የሚጻፍ ኮድ ግን ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ሆኖም ገጹ የሚዘጋጀው በአማርኛ ሲሆን ጥያቄውን አይጨርሰውም። ቴምፕሌት ባዶ ዕቃ አይደለምና። ፊደል በገጽ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ አስቀድመው የተቆረጡ በርካታ ውሳኔዎችን ይዟል፤ ውሳኔዎቹም በአመዛኙ የላቲንን ፊደል ታሳቢ ያደረጉ ናቸው።

በብዙ ቴምፕሌቶች የማውጫ ቃላትና ንዑሳን ርእሶች ከዋናው ጽሑፍ የሚለዩት በካፒታል ፊደል እንዲታዩ በማዘዝ ነው። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ክፍፍል ስለሌለው ትእዛዙ በአማርኛ ጽሑፍ ላይ አንዳች ለውጥ አያመጣም፤ ርእሱ ከአካሉ ጋር ይመሳሰላል፤ ዲዛይነሩም ምክንያቱን ሳያውቅ የፊደሉን መጠን እያሳደገ ይታገላል። በፊደላት መካከል ክፍተት እንዲጨመር የሚያዘውም ደንብ ከዚህ አይሻልም። ሁለት ነጥብ በባዶ ቦታ በተተካበት በዛሬው አጻጻፍ የፊደላቱ ክፍተት ሲሰፋ የቃላት ወሰን ይደበዝዛል። አጽንዖት በዘመመ ፊደል ሲጠየቅ ደግሞ፣ አብዛኞቹ የግዕዝ ፎንቶች ለዚሁ የተሣለ ቅርጽ ስለሌላቸው፣ ብራውዘሩ ቀጥ ብሎ የተሣለውን ፊደል በስሌት ገፍቶ ያጋድመዋል። ውጤቱ ዘመም ያለ ጽሕፈት ሳይሆን ሊወድቅ የደረሰ አጥር ይመስላል።

ከሁሉ የከፋው ግን ዲዛይነሩ የማያየው ነው። ቴምፕሌቱ የሚጠራው ፎንት የግዕዝ ፊደላት ከሌሉት፣ ብራውዘሩ በአንባቢው መሣሪያ ላይ ካገኘው ሌላ ፎንት ይዋሳል። ስለዚህ ዲዛይነሩ በራሱ ኮምፒውተር የተመለከተው ገጽና አንባቢው በስልኩ የሚከፍተው ገጽ በፊደል ውፍረትም ሆነ በቁመት ላይገናኙ ይችላሉ። ጉድለቱ የዩኒኮድ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ተካቷል። እንደ አቢሲኒካ ኤስአይኤል እና ኖቶ ያሉ በነጻ የሚገኙ ፎንቶችም አሉ። የጎደለው ፎንቱን ከገጹ ጋር የሚያስተሳስሩትን ጥቂት የኮድ መስመሮች የሚጽፍ እጅ ነው።

ለዚህ የሶፍትዌር መሐንዲስ ዕውቀት አያሻም። የገጹን መዋቅር የሚገልጸው ኤችቲኤምኤል እና መልኩን የሚወስነው ሲኤስኤስ ይበቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 ዴቭ ሼይ ባስጀመረው «ሲኤስኤስ ዜን ጋርደን» የተሰኘ ሥራ፣ አንድ የኤችቲኤምኤል ሰነድ ሳይነካ፣ ዲዛይነሮች የሲኤስኤስ ፋይሉንና ሥዕሎቹን ብቻ በመለወጥ ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ገጾችን አቅርበዋል። ቴምፕሌትን ከመሙላት ይልቅ መልክን ከመሠረቱ መወሰን ማለት ይህ ነው። በአገራችን የብራና ጽሕፈትም ልማዱ እንግዳ አይደለም፤ ጸሐፊው ብራናውን በወስፌ ወግቶና አስምሮ፣ ዓምዱን ለክቶ ከዚያ በኋላ ይጽፋል። ቃል በመስመር መጨረሻ ላይ ቢቆረጥ ያለ ሰረዝ ወደ ቀጣዩ መስመር ይሻገራል፤ የቃሉን ወሰን ሁለት ነጥቡ ይጠብቅለታልና። አማርኛ ረጃጅም ቃላት ያሉት ቋንቋ በመሆኑ፣ ይህ አሠራር ከነሁለት ነጥቡ በጠባቡ የስልክ ገጽ ላይ ሊሞከር ይገባዋል። መስመር የትም እንዲቆረጥ መፍቀድ በሲኤስኤስ የአንድ መስመር ጉዳይ ነው፤ በቴምፕሌት ማስተካከያ ሰሌዳ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ቁልፉ አይገኝም።

ቴምፕሌትን የሚከላከሉ ወገኖች የሚያነሡት ከባድ መከራከሪያ የፍጥነት ሳይሆን የተደራሽነት ነው። በሚገባ የተሠራ ቴምፕሌት ዓይነ ሥውራን በሚጠቀሙበት ገጽ አንባቢ ሶፍትዌር ተፈትኖ የወጣ ሊሆን ይችላል፤ ጀማሪ የጻፈው ኮድ ግን ርእሱን ከአንቀጹ ሳይለይ፣ ቋንቋው አማርኛ መሆኑንም ሳያመለክት ሊቀር ይችላል። ይህ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን ኮዱን በሚገባ ማስተማር እንጂ ማስቀረት አይደለም። የሥራ ሰዓቱንና ስልክ ቁጥሩን ብቻ ለማሳወቅ ለሚፈልግ ባለ ሱቅ ቴምፕሌት መልካም ምርጫ ሆኖ ይቀጥላል።

በምርምር ላይ ግን ቸልታው ዋጋ ያስከፍላል። አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የአማርኛን ተነባቢነት በስክሪን ላይ ሊለካ ቢነሣና ገጹን በቴምፕሌት ቢያዘጋጅ፣ የመስመሩን ርቀት፣ የዓምዱን ስፋት፣ አንዳንዴም ፎንቱን ራሱን የወሰነው ሌላ ሰው ነው። ተሳታፊዎቹ ቀስ ብለው ቢያነብቡ መንሥኤው ፊደሉ ይሁን ቴምፕሌቱ መለየት አይቻልም፤ ጥናቱ ግን ስለ ግዕዝ ፊደል ይደመድማል። የንድፍ ትምህርት ክፍሎች የመመረቂያ ሥራን ሲቀበሉ ከስክሪን ሥዕሉ ጋር የሲኤስኤስ ፋይሉንም ቢጠይቁ፣ የመስመሩ ርቀት 1.2 ይሁን 1.8፣ ፎንቱም ከገጹ ጋር የተላከ ይሁን ከአንባቢው ስልክ የተዋሰ ፈታኙ በራሱ ዓይን ለማየት ይችላል።