የገደል ማሚቶና ሰርጓጅ ጀልባ

አንባቢ ሆይ፤ የጋይንት ወይም የስማዳ ሰው ከሆኑ፥ በበሽሎ ገደል አፋፍ ቆመው የተጣሩበት ቀን አይጠፋም። ድምፅዎ በ2 ሴኮንድ ቢመለስ፥ ማዶው 340 ሜትር ያህል ይርቃል ማለት ነው።

ሰርጓጅ ጀልባም በጨለማ ውሃ ውስጥ እንቅፋቱን የምታውቀው በዚሁ በገደል ማሚቶ ነው፤ በውሃ ውስጥ ግን ድምፅ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ይሮጣል። ለትንሽ የግል ጀልባ የሚሆነው ርካሽ መሣሪያ የዓሣ አጥማጆች ጥልቀት መለኪያ ነው፤ ወደ ፊት ቢያዞሩት የፊቱን ቋጥኝ ያመለክታል።

የሚያስፈራው ወደ ላይ መውጣቱ ነው። በየካቲት 1993 ዓ.ም. በሐዋይ አጠገብ፥ ግሪንቪል የተባለው የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ፥ ሶናርና ፔሪስኮፕ እያለው፥ ብቅ ሲል ኤሂሜ ማሩ የተባለችውን የጃፓን መርከብ ገጭቶ አሰጠመ፤ ከሞቱት 9 ሰዎች 4ቱ ተማሪዎች ነበሩ።

እንግዲህ ከመውጣት በፊት ሞተር አጥፍቶ ማዳመጥ ነው፤ ይህ ገንዘብ አያስወጣም። እንደ ጣና ታንኳ በመቅዘፊያ የሚሄደው ግን አይሰማም፤ ለእርሱ መለኪያውን ወደ ላይ ማዞር ያስፈልጋል።